ዘር ቆጣሪዋ ቢ ሳቢሃ እና ከባሕር ማዶ የመጣችው ነርስ

ደሴት ላይ ከመንግሥት ቀድሞ የሚመዘግብህ ዘር ቆጣሪ ነው። እንግዳ ከመርከብ ወርዶ እግሩ ሳይደርቅ፣ አንዲት ሴት ከጥላ ሥር ብቅ ብላ «የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። በእኛ በፔምባ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ቢ ሳቢሃ ናቸው።

ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። መንበራቸው ግን ከዌቴ ወደ ቻኬ በሚመላለሰው ዳላዳላ ላይ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ነው። ተሳፋሪው ሳይቀመጥ ምርመራው ይጀመራል።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የመካሜ።»

«የትኛው መካሜ? ዓሣ አጥማጁ ነው ወይስ ያ ሚስቱ ጥላው የሄደችው?»

«ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» አለ ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ። መኪናው በሳቅ ተናጋ፤ እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። ሥራ ላይ ናቸዋ!

አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች በቅርንፉድ ማስጫ ቦታ ተጣልተው ሊካሰሱ ሲሉ፣ ቢ ሳቢሃ አያቶቻቸው የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አረጋገጡ። ሰዎቹ ክሱን ተዉት። ከዚያ ወዲህ የሚጣሉት እንደ ዘመድ ነው።

ባለፈው ክረምት ምዋጁማ የምትባል ነርስ ከባሕሩ ማዶ፣ ከኡሳምባራ ተራሮች ወደ ጤና ጣቢያችን ተመደበች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«እዚህ እንኳ ማንም የለኝም እማማ። ብቸኝነቱ ስለከበደኝ ዝውውር ጠይቄያለሁ።»

ቢ ሳቢሃ መርዶ የሰሙ ያህል ደነገጡ። «ዘመድ የሌለው ሰው የለም! አልተፈለገ ይሆናል እንጂ!»

ፍለጋው ተጀመረ። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ጂኦግራፊም አስተምራለሁ፤ ስለዚህ መንገድ መሪ ተደረግሁ። ነርሷ ሥራ በማይኖራት ቀን ሁሉ ወደ አንድ መንደር እንላካለን። «ኮንዴ እንዳንቺ ግንባረ ሰፊ ሰዎች አሉ» ሲሉ ጫካውን አቋርጠን ኮንዴ እንሄዳለን። ሰፊ ግንባር አላገኘንም፤ በኮኮናት የተሠራ ኦክቶፐስ ግን በልተን ተመለስን። መጀመሪያ ለይሉኝታ ብላ የወጣችው ምዋጁማ ቀስ በቀስ ጥያቄ አበዛች። «ይሄ ውኃ ባሕር ነው ወንዝ? የምሥራቅ መንደር ሰዎች ለምን እንዲህ ቶሎ ቶሎ ያወራሉ?» ሰዎቹም በመንገድ ሲያዩዋት በስሟ ይጠሯት ጀመር።

በመጨረሻ በጀልባ ወደ ትንሿ ደሴት ወደ ኮጃኒ ተሻገርን። እዚያ ቢምኩብዋ የሚባሉ አሮጊት ነርሷን ሲያዩ የሚጎነጉኑት ምንጣፍ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወደ ማዶ ተሻግሮ የቀረው ወንድሜ! ጉንጯ የሱ ነው!» ብለው አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ምዋጁማም አብራ አለቀሰች። በሳምንቱ የዝውውር ጥያቄዋን ሰረዘች።

እኔ ግን አላመንኩም። «ቢ ሳቢሃ፣ ቢምኩብዋ እንዳሉት ወንድማቸው የሄዱት ወደ ደቡብ ነው። የእሷ አገር ሰሜን ነው» አልኳቸው።

«አንተ ካርታህን አስተምር! ሰው ዞሮ አይሄድም?»

ከወራት በኋላ የምዋጁማ እናት ሊጠይቋት መጡ። ምኮአኒ ወደብ ሄደን ተቀበልናቸው። ቢምኩብዋም ዶሮ ታቅፈው ከኋላችን መጥተዋል። ቢ ሳቢሃ ሁላችንንም ቀድመው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

«እኛማ የተራራ ሰዎች ነን» አሉ እናትየው እየሳቁ። «ከእኔም ከባሌም ወገን ባሕር የተሻገረ ሰው የለም።»

የቢ ሳቢሃ ፊት በአንድ ጊዜ አረጀብኝ። ቢምኩብዋ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው እየደረሱ ነው። ምዋጁማ ከንፈሯን ነክሳለች። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዘልዬ መሐል ገባሁ።

«እትዬ፣ የምዋጁማ አያት ከመሞታቸው በፊት አልነገሯችሁም ይሆናል እንጂ፣ የእኚህ አሮጊት ወንድም ናቸው፤ ዝምድናው በባለቤትዎ በኩል ነው» አልኩ። «ሰውየው መጀመሪያ ወደ ደቡብ ሄዱ፤ ከዚያ ዞሩ።»

እናትየው እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ባለ ዶሮዋን አሮጊት አዩ። ከዚያም ሻንጣቸውን መሬት ላይ ጥለው «ምነው ይሄን ያህል ጠፋችሁብን!» ብለው ከቢምኩብዋ ጋር ተቃቀፉ።

ቢ ሳቢሃ እስኪያመኝ ድረስ ክንዴን ጨበጡት።

«በአባቷ በኩል መሆኑን እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ፣ በሙሉ ሥልጣናቸው።