ላፕቶፔ ምራት አይደለችም

እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ መቀመጫ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ውኃ ይሰጠዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ምንም አልቀመስክም እኮ» እየተባለ ከሚችለው በላይ ምግብ ይሰጠዋል። ምራት ስትገባ ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ስም ይሰጣታል። አባቷ ያወጣላት፣ እናቷ እያቆላመጠች የጠራችበት፣ አስተማሪ በየጠዋቱ ከመዝገብ ላይ ሲያነበው የኖረ ደህና ስም እያላት፣ ጫማ በር ላይ እንደሚወልቅ እሱን አውልቃ ሌላ ታጠልቃለች። እናንተ ወንዶች ይኼ ነገር እምብዛም አይገባችሁም። እናንተ ስታገቡ የሚለወጠው ሸሚዛችሁን የሚያጥበው ሰው ብቻ ነው።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። አባቴ ያወጣልኝ ስም አትጠገብ ነው። ሙሽራ ሆኜ ደባርቅ የገባሁ ዕለት አማቴ እማማ ዘውዲቱ ዳሱ መሀል ብድግ አሉና «የሺእመቤት ብያታለሁ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ። የሺህ ሰው እመቤት መሆኔ ነው እንግዲህ፤ ያኔ በእጄ አንዲት ዶሮ እንኳ አልነበረችኝም። ከዳባት ደባርቅ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ስም መንገድ ላይ ወርዶ ቀረ።

ዝም ብዬ የተቀበልኩ እንዳይመስላችሁ። «የሺ» ሲሉኝ አልሰማሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደንቆሮ ሆኜ ሰነበትኩ። ችግሩ ለምሳም የምጠራው በዚያው ስም መሆኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ረኃቡ ጆሮዬን ከፈተውና «አቤት!» አልኩ። አለቀ። ባለቤትሽስ ምን አለ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ እሱ በእናቱና በእኔ መካከል ባለ ጉዳይ ሁሉ አስተያየት የለውም። ከዚያ ወዲያ ለጎረቤቱም፣ ለገበያውም፣ ለመሥሪያ ቤቱም የሺ ሆንኩ። ያቺ አንዲት «አቤት» ግን አሥር ዓመት ሙሉ ስታንገበግበኝ ኖረች።

ይኼን ሁሉ የማወራችሁ ስለ አንድ ላፕቶፕ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ታገሡኝ፣ ይገናኛል።

ሥራዬ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ተራ አስያዥነት ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ጎብኚ ዕቃውን የሚጭንበትን በቅሎ የሚያገኘው ከእኛ ነው፤ ባለበቅሎዎቹ ከጊችም ከአምቢኮም ይመጣሉ፤ ዛሬ ማን ይጭናል፣ ነገ ማን ይጭናል የሚለው በተራ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነበባል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያላለ ተራው ያልፈዋል፤ አልፎም ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል። ወረቀቱ ደግሞ በማተሚያ የወጣ መሆን አለበት። በእጅ የተጻፈ ተራ ዘመድ ያስገባል ብሎ አቧራ አስነስቶ ያንን ደንብ ያስጸደቀው ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔው ነኝ።

ላፕቶፔን ጎንደር ነው ያገለገለች የገዛኋት። አሮጌ ስለሆነች የኮምፒውተር አስተማሪዬ «ለዚች የሚቀላት ይኼ ነው» ብሎ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ጫነባት። ሲጫን አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፤ «ይህ ኮምፒውተር ማን ይባላል?» የሚል። እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደባርቅ ውስጥ ማንም የማይጠራውን ስም፣ አትጠገብን፣ በላቲን ፊደል ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ በከፈትኳት ቁጥር ትእዛዝ የምጽፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ስሜ ይታየኛል። ሳቁብኝ ካላችሁ ሳቁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ይኼ ደስታ የቆየው የማኅበሩ ቢሮ ያለበት ግቢያችን ዋይፋይ እስኪገባ ድረስ ነው።

የግቢው የኔትወርክ ባለሙያ አስማማው ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ጥፋቱ ቶሎ መስማማቱ ነው። ከጎንደር የመጡ ሰዎች ግድግዳ ላይ አንድ ትንሽ ሣጥን ሰቀሉ፤ ማተሚያውንም ከሷ ጋር አገናኙና የሣጥኑን ቁልፍ ቃል ይዘው ሄዱ። ያቺ ሣጥን የገባባትን ማሽን ሁሉ ስም ታወጣለታለች። ላፕቶፔ ገና ዋይፋዩን ስትይዝ አትጠገብ መሆኗ ይቀርና «እንግዳ-4» ትሆናለች። ስሟ ሲለወጥባት ደግሞ ትደናገራለች፤ ቀድሞ የተከፈተው መስኮት እንዳለ ይቀራል እንጂ አዲስ ፕሮግራም ብከፍት አይከፈትም። አትጠገብ የከፈተችው ቤት እንግዳ-4 መግባት አትችልም ማለት ነው። የሚያትመው ፕሮግራም ለብቻው የሚከፈት ስለሆነ፣ ዋይፋዩ ሲኖር ማተም አልችልም፤ ዋይፋዩን ስዘጋው ደግሞ ማተሚያው አይገኝም። ፍላሽ እንዳልጠቀም ቫይረስ ያመጣል ተብሎ በግቢው ተከልክሏል።

ይኼ ሁሉ የሆነው ክፉ ቀን ላይ ነው። በማግሥቱ ጠዋት የወቅቱ የመጨረሻ ትልቅ የጎብኚ ቡድን ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይገባል፣ እስከ መስከረም ድረስ ሥራ የለም። የአምቢኮው አያ መኳንንት ደግሞ በዚያ ዓመት አንድም ቀን አልጫኑም። ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ወንድማቸው ሞቶባቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ «አቤት» የሚል ጠፋና መጨረሻ ወረዱ። ኮሚቴው ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው ተራው አያልፍም ብሎ ወሰነላቸው። እኔም ዝርዝሩን አስተካክዬ ስማቸውን መጀመሪያ ላይ አደረግኩት፤ ግን ያ ዝርዝር ያለው ላፕቶፔ ውስጥ ነው። እስከ ጠዋት ካልታተመ ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌው ወረቀት ይነበባል። አሮጌው ወረቀት ላይ አያ መኳንንት መጨረሻ ናቸው።

ከምሳ በኋላ ተቀመጥኩና ከማሽኗ ጋር ትግል ገጠምኩ። መጀመሪያ ስሟ የተጻፈበትን ፋይል አገኘሁና ነካካሁት። ስም የተጻፈበት ቦታ ለካ ሁለት ነው፤ አንዱ ስሙ ራሱ ያለበት፣ ሌላው ያ ስም የት እንደሚኖር የሚመዘገብበት። እኔ አንዱን አስተካክዬ ሌላውን አበላሸሁት። ከዚያ በኋላ ምን ባዛት «አትጠገብ የምትባል ማግኘት አልቻልኩም» ትለኝ ጀመር። አያችሁ? የገዛ ላፕቶፔ! ይኼንንማ ደባርቅ በሙሉ ይለኝ የለም እንዴ?

ሁለተኛውን መዝገብ አቀናሁላት። ስሜን አወቀችልኝ። ዋይፋዩን ስከፍት ግን ተመልሳ እንግዳ-4።

አስማማው ጣጣዬን ሰምቶ መጣ። «የሺ፣ ምን ያደክምሻል?» አለኝ። «ራስሽ እንግዳ-4 በያት። ሣጥኗ የምትሰጣትና የሷ ስም አንድ ከሆነ የሚለወጥ ነገር የለም። በአምስት ደቂቃ ታትሚያለሽ።»

«አልላትም።»

«ኧረ ስም እኮ ነው!»

«ስም ስለሆነ ነው።»

ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው። በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አያ መኳንንት በራፉ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከአምቢኮ ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተው፣ በቅሏቸውን ግቢው አጥር ላይ አስረው፣ እኔን ያያሉ።

«የኔ ልጅ፣ ያቺ ወረቀት ትወጣለች ወይስ አትወጣም?»

«ትወጣለች አያ።»

«አይ፣ እንዲያው ሰውዬው በአምስት ደቂቃ ሲል የሰማሁት መስሎኝ ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። የራሴን እልህ በሰው በቅሎ ላይ ጭኜ መንዳት ምን የሚሉት ነው? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልሞክር፤ ካልሆነ እንግዳ-4 እላታለሁ፣ እሷም እንደኔው ትለምደዋለች ብዬ ወሰንኩ። ለአያ መኳንንትም እውነቱን ነገርኳቸው፤ ይኼ ሰውዬ የሚለኝ ስሟን ለውጪ ነው አልኳቸው።

«ይቺ ስም አላት?» አሉ ላፕቶፔን በበትራቸው እያመለከቱ።

«አላት።»

«ማን ትባላለች?»

«አትጠገብ» አልኩ። «የኔው ስም ነው አያ። የሺ ያሉኝ አማቴ ናቸው።»

አያ መኳንንት በቅሏቸውን አዩና «ያችን ቦራን ፈረንጆቹ በየጉዞው ስም ያወጡላታል» አሉ። «አንዱማ እላይ ሳንቃ በር የሚባለው ማደሪያ ላይ በሚስቱ ስም ሲጠራት ዋለ።»

«ትሰማለች?»

«ምን ብላ! ገብስ ይዤ ቦራ ካላልኳት አንዲት እርምጃ አትነሳም። ስም አውጪውን ተዪው እቴ፣ አፉ ነው፣ ይበል። አንቺ ይቺን አስተካክያት፣ የምትሰማው ይቺ አይደለችም?»

ይኼን ብለው ሰዓት ጠየቁኝ። አሥር ተኩል ሆኗል።

ቀኑን ሙሉ ሣጥኗን ስረግም ውዬ ላፕቶፔ ራሷ በር ላይ ምን እንደምትል አንድም ጊዜ አላየሁም ነበር። ማሽን ኔትወርክ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ አድራሻ ትጠይቃለች፤ ምን ምን እንደምትጠይቅ ደግሞ በአንድ ፋይል ተዘርዝሮ ተጽፏል። ፋይሉን ከፈትኩት። አድራሻ ስጡኝ ይላል፣ መውጫ መንገዱን አሳዩኝ ይላል፣ ከዚያ እነዚህ መሀል ሸጎጥ ብሎ «ሆስት ኔም» የሚል ቃል ተቀምጧል። ስም ስጡኝ ማለት ነው! ሣጥኗ ለካ ማንንም አላስገደደችም። የኔዋ ጉድ ናት፣ ደጃፍ ላይ ቆማ «እባካችሁ ስም አውጡልኝ» ስትል የኖረችው። ሲሠሩዋት ጀምሮ እንድትጠይቅ አድርገው ነው የሠሩዋት፤ እሷም እየጠየቀች መሆኗን አታውቅም።

ያንን ቃል ከዝርዝሩ አጠፋሁት። ዋይፋዩን ዘግቼ ከፈትኩት። አትጠገብ። ደገምኩት። አትጠገብ! የማተሚያው መስኮት ተከፈተ፤ ከአስማማው ክፍል የማተሚያው ድምፅ ተሰማ። አያ መኳንንት ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ነክተው «እኔ ነኝ?» አሉኝ። «እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ስማቸው ሲጠራ «አቤት!» ያሉት፣ እስከ ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እኔ ግን ያን ምሽት እልሁ ሳይበርድልኝ ነው ቤቴ የገባሁት። እማማ ዘውዲቱ ገበታ ላይ ናቸው። ቁጭ እንኳ ሳልል «እማማ፣ ስሜን ይመልሱልኝ» አልኩ። «ሳልጠይቅዎ ነው የለወጡብኝ።»

እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሱ። «ሳትጠይቂኝ? አንቺው አይደለሽ እንዴ የጠየቅሽኝ! ሦስት ጊዜ ጉርሻ ይዤልሽ ሦስት ጊዜ አፍሽን ገጠምሽ። በኛ ቤት ሙሽራ እህል እምቢ ካለች ስም አውጡልኝ ማለቷ ነው። ሰው እያየኝ ጨነቀኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ሰጠሁሽ።»

«እማማ! እኔ እኮ መኪናው አዙሮኝ ነው!»

ተያየን። አሥር ዓመት። እኔ ዳሱ ውስጥ እንዳላስመልስ ጥርሴን ነክሼ፣ እሳቸው ደግሞ የጠየቅኳቸውን ሊፈጽሙልኝ በችኮላ ስም ሲፈልጉ። እንኳን እሳቸው፣ ባለቤቴም ያን ቀን ፈገግ አለ፤ ይኼም አስተያየት ከተባለ።

«በይ እንግዲያው» አሉ እማማ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው። «ሳትጠይቂ ጉረሺ፣ የሺም ይቅርልሽ።» አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። አላምጬ ስውጥ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝና «ጎሽ! የኔ የሺ!» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። ያቺም ሣጥን ለገባው ሁሉ እስከ ዛሬ እንግዳ-4፣ እንግዳ-5 ትላለች፤ የኔዋ አትሰማትም። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ምሳ ሲያመልጠኝ ዳቦ ገዝቼ በላሁ፤ ደመወዝተኛ ነኝ፣ የያኔዋ ሙሽራ አይደለሁም። ስምንት ቀን «የሺ» እያሉ ቤቱን ዞሩት። በዘጠነኛው ቀን ጓሮ ልብስ ሳሰጣ የመጀመሪያው ጥሪ መጣ፣ አለፍኩት። ሁለተኛው መጣ፣ አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ እማማ በር ላይ ወጥተው ቆሙና፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «አትጠገብ! ኧረ አትጠገብ! ወጥሽ አረረ!» ብለው ጮኹ።

ያን ቀን ጎረቤት «ዘውዲቱ ሁለተኛ ምራት አመጣች እንዴ?» ሲል ዋለ። እኔ ግን «አቤት!» ብዬ ሮጥኩ፤ ያረረውን ወጥም ጠራርጌ በላሁት።