ብብት ላይ የተዘራ ገብስ

በየመንደሩ «ብዬ ነበር» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ጣራ ሲያፈስ፣ ላም ስትጠፋ፣ ሙሽራ ስትኮበልል፣ ከእንባው ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የእኛው ግን ከሁሉም ይብሳሉ። የምናርሰው የተኛ ግዙፍ ሰው ገላ ስለሆነ አስቀድሞ የሚባል ነገር ሞልቷቸዋል።

ግዙፉ መቼ እንደተኛ የሚያውቅ የለም። ቤታችንን ከጎኑ ካለው ሜዳ ላይ ሠርተን፣ ሆዱ ላይ አተር፣ ትከሻው ላይ ስንዴ እንዘራለን። እሱም ካልነኩት አይነካም።

ክቡርነታቸው የምላቸው እኚሁ ሰው አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። ሥራቸው ግብርና ነው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ሁላችንንም ያርማሉ። መዶሻ ሳነሣ «ጣትህን!» ይላሉ፤ ጣቴን ስቀጠቅጥ «ብዬ ነበር»። ባለቤቴ ስታምጥ እንኳ በመስኮት ብቅ ብለው «መንታ ነው» አሉ። አዋላጇ ሁለተኛዋን ሳታጥብ፣ ያችኑ ቃላቸውን ደገሟት።

አምና ብብቱን ላርስ ተነሣሁ። ብብት ሙቀት አለው፤ ውርጭ አያገኘውም፤ አፈሩም እንደ ቅቤ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ብብት አይታረስም» አሉኝ አጥሩን ተደግፈው።

«ለምን ጋሼ?»

«ያንተን ቢነኩህ ዝም ትላለህ?»

«ቡቃያ ደግሞ ምኑ ይኮረኩራል?»

«ቡቃያ መቼ አልኩህ! ሲደርቅ ጺም ያወጣል። ገብስ እኮ ነው!»

ሳቅሁባቸው። ያለኝን ዘር ሁሉ እዚያው በተንኩት፤ የዓመቱ ቀለባችን እሱ ብቻ ሆነ። ገብሱ ደረቴን ሲያልፍ፣ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጋሼ፣ እስካሁን አልሳቀም» እላቸው ጀመር።

አንድ ማለዳ ነፋስ ተነሣ። የደረቀው ዛላ ተወዛወዘ፣ መሬቱ «ህእ!» አለ፣ ከመደርደሪያችን ላይ ሦስት ሳህን ወደቀ። ማጭዴን ይዤ ስሮጥ ክቡርነታቸው ቀድመውኝ ኖሯል፤ ከእርሻዬ ጥግ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ።

«አቅፈህ እጨድ! ዛላው ቆዳውን እንዳይነካ!»

«ጋሼ፣ የእርስዎስ አተር? እሱም ደርሷል እኮ!»

«አፍህን ተውና እጅህን አንቀሳቅስ!»

ባለቤቴ ነዶውን እያሰረች ወደ ሜዳው ታወርዳለች፤ ነፋሱ በመጣ ቁጥር የግዙፉ ሆድ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻውን ነዶ ይዘን እንደወረድን፣ የቀረው የአገዳ ጉቶ ወጋው መሰለኝ፣ አምቆ የቆየውን ሳቅ ለቀቀውና በሆዱ ተገለበጠ።

የእኔ ገብስ ሜዳው ላይ ተከምሯል። የእሳቸው አተር ከግዙፉ ሆድ ሥር ቀረ።

ክቡርነታቸው ላባቸውን ጠርገው አዩኝ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ፤ የሚገባኝ ነበር።

«ውኃ አላችሁ?» አሉ። ጠጥተው ሄዱ።

ሳምንት ሙሉ ጠበቅኋቸው። በአጥሩ በኩል ሰላምታ ብቻ። እንዲህ የከበደ ዝምታ ተሸክሜ አላውቅም። በመጨረሻ የገብሱን እኩሌታ በጋሪ ጭነን፣ እኔና ባለቤቴ በራቸውን አንኳኳን።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ጋሼ፣ ብለው ነበር።»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አሸሹ። ጋሪውን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የግራው መንኮራኩር ሊወልቅ ነው።»

ወለቀ። ገብሱ ደጃቸው ላይ ተዘረገፈ። ከባለቤቴ ጋር ተያየን፤ ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን።

ተመስገን፣ ያችኑ ቃላቸውን አሏት።