አስታማሚዋና የእርሳሱ ግድግዳ

በኛ አገር ጥርሱን የሚታመመው አንድ ሰው ነው፤ ክሊኒክ የሚመጣው ግን ሰፈሩ ነው። ከሰፈሩም መሃል ንቅንቅ የማትል አንዲት ሴት አትጠፋም። ፍኖተ ሰላም ላይ ጥርስ ለምታክመው ለዶክተር ሕሊና የደረሷት ከጎረቤት ከተማ ከጅጋ የሚመጡት እሜቴ ንግሥቴ ናቸው።

እሜቴ ዘመድ ባዳ አይሉም፤ ጉንጩን ይዞ መኪና የሚጠብቅ ካዩ አብረው ይሳፈራሉ። ከዚያ ወዲያ ጭንቁ የሕሊና ነው። የራጅ ክፍሉ ግድግዳና በር ጨረሩ እንዳያልፍ እርሳስ ተለብጧል፤ ራጅ ሲነሳም ከታካሚው በቀር ሁሉም ይወጣል። እሜቴ ግን አይወጡም። አንድ ጊዜ ጉልበቴን ያዘኝ ብለው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሕሊና ጨረሩ ባይታይም ሲደጋገም እንደሚጎዳ ብታስረዳቸው፣ የማይታይ ክፉማ እኛም አገር ሞልቷል ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

ዘንድሮ ያምሮት የምትባል የጎረቤት ልጅ ይዘው መጡ። የመንጋጋዋ እብጠት ወደ አንገቷ መውረድ ጀምሯል፤ ካደረ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። ሕሊና የጥርሱን ሥር በራጅ ሳታይ መንካት አልፈለገችም። ያምሮት ደግሞ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ሲያለብሷት ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ብቻዬን አልቀርም አለች። ሕሊና ቁጣዋ መጣና እሜቴን ይውጡልኝ አለቻቸው።

«ስሚ ልጄ፣ ደግ ነገር ከሆነ አንቺ ስለምን ትሸሻለሽ? ክፉ ከሆነስ እሷን ለማን ትተሽ ነው?» አሉ እሜቴ።

ሕሊና መልስ አላጣችም። ያምሮት ራጅ የምትነሳው አንዴ ነው፤ ሕሊና ግን ቀኑን ሙሉ ስታነሳ ትውላለች። መልሱ ልክ ነበር፤ የልጅቷን መንቀጥቀጥ ግን አላቆመም። ስለዚህ የእሜቴን እጅ ይዛ ራሷ ወደምትቆምበት የእርሳስ ግድግዳ ኋላ ወሰደቻቸው፤ ግድግዳው ላይ ባለው ጨረር በማያሳልፍ መስታወት ፊታቸው ለያምሮት ይታያል። እሜቴ እያጉረመረሙ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ግን ከልጅቷ አልነቀሉም። ያምሮት ረጋች። ራጁም ተነሳ፣ ጥርሱም በዚያው ቀን ተነቀለ።

ከወራት በኋላ ሕሊና ራሷ የጥርስ ሕመም ተነሳባት። የመራዊ ልጅ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ዘመድ የላትም። ወሬው ጅጋ እንዴት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ፣ እሜቴ ሳይጠሩ ከተፍ አሉ። ሊያክማት ከቡሬ የመጣው ባልደረባዋ በትሕትና ውጭ ይጠብቁ አላቸው። ሕሊና ያን ሁሉ ዓመት ያባረረቻቸውን ሴት ስታይ፣ ለካ እሷም ፈርታ እንደነበር ገባት።

«ከመስታወቱ ኋላ ቦታ ስጣቸው» አለች ጉንጯን እንደያዘች። «አለዚያ እኔም ራጅ አልነሳም።»

ሐኪሙም ከመስታወቱ ኋላ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።