ወፍራሙ የመኪና መጽሐፍ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፣ በቁመት የሚቀናም አይቻለሁ። እኔ ግን የቀናሁት በጎረቤቴ የጠቆረ ጥፍር ነው። አትሳቁ። በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን ኔታንያ ከተማ ከሰፈርን ዐሥር ዓመት ሞልቶን፣ ሁላችንም አሮጌ መኪና መግዛት ስንጀምር፣ አያ ተገኘ የሚባለው ይህ ጎረቤቴ አንዲት ስስ የጥገና መጽሐፍ ሞተሩ ላይ ዘርግቶ የራሱን መኪና ራሱ ይሠራ ነበር። ሚስቴ ከመስኮት እያየች “እጁ ይባረክ” ትላለች። የእኔ እጅ ንጹሕ ነው፤ ማንም አይባርከውም።

አንድ ሰኞ መኪናዬ አልነሳም አለች። ሚስቴም “እስከ ዓርብ ካልተሠራች፣ ለሰንበት ቃዲማ ከተማ እናቴ ዘንድ አያ ተገኘ ያደርሰኛል” አለችኝ። አማቴ ደግሞ በር ላይ ቆመው ልጃቸው ከማን መኪና እንደምትወርድ የሚያዩ ሴት ናቸው።

ገበያ ሄድኩ። አሮጌ መጻሕፍት ሻጩ “መኪናህ የስንት ዓመት ሥሪት ናት?” ሲለኝ “ወፍራሙን ስጠኝ” አልኩት። ሥዕል የሞላባት ቀጭን መጽሐፍም ነበረች፤ ግን የተገኘም ቀጭን ናት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ጠመጠምኩ።

እኛ አገር መጽሐፍ ማለት ቄሱ በጨርቅ ጠቅልለው የሚይዙት ነው፤ በቆሸሸ እጅ አይነካም። ታዲያ እንደ ተገኘ ግራሶ ላይ ልጣለው? በሚስቴ ነጠላ ጠቅልዬ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥኩት። እጄን ታጥቤ፣ ኡልፓን በሚባለው የመጤዎች ትምህርት ቤት በቃረምኩት ዕብራይስጤ አንድ መስመር አነብና ሦስት ፎቅ እወርዳለሁ። መኪናዋ ዘንድ ስደርስ መስመሩ ከራሴ ጠፍቷል። እንደገና ሦስት ፎቅ። እስከ ዓርብ ድረስ የተፈታው ጉልበቴ ብቻ ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ሚስቴ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፤ ተገኘም መጣ። መጽሐፉን ከነነጠላው አምጥታ የሰጠችው እሷው ናት።

“አንተ ሰው፣ ይኸን የመሰለ መጽሐፍ ደብቀህ ነው?” አለኝና ሞተሩ ላይ ዘረጋው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥቂት ገልጦ “ማጽበሩ ዝጎ ነው፤ ፍል ውሃ አምጡልኝ” አለ። ማጽበር የሚለው ባትሪውን ነው፤ ጫፉን አጥቦ በቢላዋ ፋቀው። መኪናዋ ተነሳች።

ሚስቴን እኔው አደረስኳት። አማቴ በር ላይ ሆነው “ማን ሠራት?” ሲሉ፣ ሚስቴ እኔን ሳታይ “የእሱ መጽሐፍ” አለች።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ መኪና በቆመ ቁጥር በሬ ይንኳኳል። “አለህ ወይ?” የሚለኝ የለም፤ “መጽሐፉ አለ?” ነው። አማቴም ሲደውሉ የመጽሐፉን ደኅንነት የሚጠይቁት ከእኔ አስቀድመው ነው። በተገኘ መቅናቱን ትቻለሁ፤ ጥፍሩ እንደፈለገ ይጥቆር። አሁን የምቀናው በመጽሐፉ ነው።