የአዴ ዘሃራ ቋጠሮ

እናንተ አፍንጫችሁን አመስግናችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ሐረር ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ሳይነስ የሚሉት ጣጣ ያዘኝና ዋጋው ገባኝ። የሰው አፍንጫ ወደ ፊት ይፈሳል። የእኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮዬ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «እህ… እህህ» ነው። ተማሪዎቼ ገና ከሩቅ በጉሮሮዬ ያውቁኛል፤ ክፍል ስደርስ ሁሉም መልአክ ሆኖ ይጠብቀኛል። ይህችን ጥቅም አልክድም።

ችግር የመጣው ዳዊት ሽማግሌ ሁነኝ ያለኝ ጊዜ ነው። ዳዊት አብሮኝ የሚያስተምር ልጅ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለውም። ሰላም የምትባል የሸዋ በር ልጅ ወዶ ሌላ ነገር አይታየውም፤ እሷም እንደዚያው። አባቷ ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። በፊት የሄዱትን ሽማግሌዎች፣ መናገር የማይችል ሰው ምን ሊያደርግ ይላካል ብለው መልሰዋቸዋል። አሁንም ከመለሱ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ታዲያ ጀግናው ማንን ቢመርጥ ጥሩ ነው? እኔን! አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ የማይጨርሰውን!

ጭንቀቴን ለአዴ ዘሃራ ነገርኳቸው። ፈላና በር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ናቸው፤ «አዴ» እዚህ ትልቅ ሴት በአክብሮት የሚጠራበት ነው። «አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል» አሉኝ። «አንተም ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ።» ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጠኛል? ጠዋት ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው ጨምረው አፍንጫዬን ያሳጥቡኛል። ማታ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው በጋቢ ይሸፍኑኛል። ላቤ ቢንቆረቆር፣ ቀና ልበል ብል «ግባ!» ነው መልሳቸው። መጨረሻ ላይ ሐበቱ ሰውዳ የሚሉትን ጥቁር አዝሙድ ቆላ፣ ደቆስ አድርገው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው አስሸተቱኝ።

ወይ ጉድ! ጭንቅላቴ ውስጥ መስኮት የተከፈተ መሰለኝ። ከፋርማሲ ያልገዛሁት ጠብታ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ሴትዮዋን እጃቸውን ይባርከው ከማለት ሌላ ምን ይባላል? ጨርሶ አልዳንኩም፤ ቢያንስ መተንፈስ ጀመርኩ። እሑድ ማለዳ ስወጣም «ሲያፍንህ ዞር ብለህ አሽትት» ብለው ቋጠሮዋን ኪሴ ከተቱልኝ።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሻምበሉ ቤት ገባን። ተቀመጡ ሲሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን፤ ወጉ ነዋ። ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። «የተከበሩ ሻምበል፣ እኛ የመጣነው…» እህ። «የመጣነው…» እህህ። መሐረብ ላወጣ ኪሴን ሳብ ሳደርግ ቋጠሮዋ የልጅቷ እናት፣ ወይዘሮ አስካለች፣ እግር ሥር ዱብ!

እስቲ አስቡት። ልጅ ልትጠይቅ የሰው ቤት ገብተህ ከኪስህ የተቋጠረ ጨርቅ ሲወድቅ! ወይዘሮ አስካለች ወደ ኋላ ዘለሉ። «በስመአብ! መስተፋቅር ይዘው መጡ! ልጄን ሊያስነኩብኝ ነው!» አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች የማያውቁኝ ሰዎች ሆኑ። ላስረዳ ብል ጉሮሮዬ ጥርቅም ብሏል። የዳዊት ፊት መጣብኝና ልቤ ስንጥቅ አለ። በእኔ አፍንጫ ምክንያት የሰው ትዳር ሊቀር?

ሻምበሉ ጎንበስ ብለው ቋጠሮዋን አነሷት። «እስቲ» አሉ። ድምፃቸው በአፍንጫቸው ነው የወጣው። ለካ እሳቸውም እንደኔው ታፍነው ኖረዋል! አሸተቱ። ደግመው ሳብ አደረጉና አስነጠሳቸው፤ ያ ማስነጠስ ከከተማው ማዶ ሐኪም ጋራ የሚሉት ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «ይማርዎት!» አልን በአንድ አፍ።

ሻምበሉ እንባቸውን እየጠረጉ ረጅም አየር ሳቡ። «አስካለች፣ በሁለቱም ቀዳዳ እየተነፈስኩ ነው እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ትንፋሽ እያጠረው ለጓደኛው የሚቆም ሰው አየሁ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያፈራ ልጅ ምኑ ይጠላል? ተቀመጡ፣ ሰጥተናል።» እኔም ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ቋጠሮዋ ግን እዚያው እሳቸው እጅ ቀረች።

ሰርጉ ተደገሰ። አዴ ዘሃራም በክብር ተጠሩ። ያጠናሁት ንግግር እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። በድግሱ መሀል ወይዘሮ አስካለች ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ «ኧረ ግድ የለም» ማለት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን በሻምበሉ ማንኮራፋት ምክንያት መኝታ ከለዩ ዓመታት እንዳለፉ፣ ቋጠሮዋ እቤት ከገባች ወዲህ ግን ወደ ቦታቸው እንደተመለሱ በጆሮዬ ነገሩኝ።

«መስተፋቅር ነው ያልኩት እውነቴን ነው» አሉኝ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እየሳቁ። «ለልጄ የመጣ መስሎኝ ነው የተሳሳትኩት።»