የጋሽ ተካ የትንፋሽ ፈተና

በሽታን እንደ ፈተና የሚያጠና ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ጎረቤቴ ጋሽ ተካ ናቸው። መርሳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ሳንባቸው ግን ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄደ። ዘመኑ ሠራተኛው ሁሉ በግምገማ የሚታመስበት ነበርና ለሳንባም ተራው ደረሰው።

ወልድያ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸውና የትንፋሻቸውን አቅም ለመለካት ቱቦ አስነፏቸው። «ውጤቱ ዝቅ ብሏል» ሲባሉ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ድጋሚ ልፈተን!»

ወር ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ፊኛ ሲነፉ ከረሙ። ሰዓት ያዡ እኔ ነበርኩ። ይነፋሉ፣ ያስላሉ፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል፣ እንደገና ይነፋሉ። መጀመሪያ ሳቄን የማፍነው በስንት መከራ ነበር፤ በኋላ ግን ሳቁም ጠፋ።

ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ባሰ። ሐኪሙ የድሮ ተማሪያቸው ነው።

«ስንት ዓመት ይሰጠኛል? እውነቱን ንገረኝ ልጄ» አሉት።

«መምህር፣ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜ አይቆርጥም። ግን እንዲህ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ብዙ አይቆዩም። ሁለት ዓመት ካገኙ ጥሩ ነው» አለና አንገቱን ደፋ።

በአውቶቡስ ወደ መርሳ ተመለስን። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«እህ፣ ምን አሉህ ተካዬ?»

«አልፌያለሁ» አሉ ጋሽ ተካ፣ ደረታቸውን ለመንፋት እየሞከሩ።

እትዬ ዘነቡ እልልታውን አቀለጡት። እኔም ምን ላድርግ፣ አጨበጨብኩ።