ጾም የማያውቅ ዘረ-መል

በአዲስ አበባ እንደ ዐቢይ ጾም የሚያወፍር ወቅት የለም። ይህን ስል ጾሙን መንቀፌ አይደለም፤ ጥፋቱ ከቦሌ እስከ ኦሎምፒያ የተደረደሩት ካፌዎች ነው። የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር... «የጾም» የሚለው ቃል ከፊቱ ከገባ በኋላ፣ እርስዎም እንደኔ ሁለተኛ ቁራጭ ማዘዝዎን አይክዱም።

የእኔ ጥፋት ግን ከዚህ ይከፋል። የወንድሜ ልጅ ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ በመቆረጡ፣ እኛ አክስቶቿ አንድ ሸማኔ የሠራውን አንድ ዓይነት ጥለት ልንለብስ ተስማማን። በቅበላ ሳምንት ቦሌ ሚካኤል ወዳሉት ልብስ ሰፊያችን ጋሽ ኪሮስ ዘንድ ሄጄ ተለካሁ።

«ወገቡን ሁለት ጣት ያጥብቡት፤ ሁለት ወር ልጾም ነው» አልኳቸው።

ጋሽ ኪሮስ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ልኬን ጻፉ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ሄጄ ቀሚሱን ለበስኩት። ዚፑ መንገድ ላይ ቆመ።

«ትንፋሽዎን ይሳቡ።»

«ስቤያለሁ።»

«እንግዲያው ያስወጡት።»

«አስወጥቻለሁ።»

ዚፑ ለሁለቱም ግድ አልሰጠውም። ያ ጨርቅ ደግሞ በአራት ቀን ዳግመኛ አይሸመንም። በቤተሰቡ ፎቶግራፍ ላይ ብቻዬን በሥራ ልብሴ ቆሜ ታየኝ። ሲጨንቀኝ ማስተማር ይቀናኛል፤ ሥነ ሕይወት ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ጉዳዩ ሆዳምነት አይደለም» ስል ጀመርኩ። «በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ገና ያልለየላቸው ለጋ ህዋሳት አሉ። አንድ ዘረ-መል በርትቶ ሲሠራ እነዚያ ህዋሳት የስብ ህዋስ ይሆኑና ስብ ማጠራቀም ይጀምራሉ። ዝም ካለ እንዳሉ ይቀራሉ። ዘረ-መሉ ሁላችንም ጋ አለ፤ ልዩነቱ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ላይ ነው።»

«እኔም ጋ አለ?» አሉ፣ ቀጭን ወገባቸውን እየዳበሱ።

«አለ። የእርስዎ ብዙ አይሠራም።»

«የእርስዎን ታዲያ ማን ቀሰቀሰው?»

«ብዙ ምክንያት ይኖራል። ውርስ፣ ሆርሞን...» ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ከሚያስፈልገው በላይ መመገብም።»

«የጾም ምግብ መሆኑን አያይም?»

«ዘረ-መል የካፌ ሜኑ አያነብም፣ ጋሽ ኪሮስ።»

ቀሚሱን አውልቄ ስሰጣቸው ገለበጡትና መቀሳቸውን አነሱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በስፌቱ ውስጥ አራት ጣት ሙሉ ትርፍ ጨርቅ ተጣጥፎ ተኝቷል።

«ያጥብቡት ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለውኛል። ያጠበብኩት ስፌቱን ነው እንጂ ጨርቁን አልቆረጥኩም። በቅበላ የሚለካ ሁሉ እንደ እርስዎ ነው የሚለኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። የተማረው ደግሞ ይብሳል፤ እስኪፈታለት ድረስ ያስረዳኛል።»

ሁለት ጣት ፈትተው መልሰው ሰፉልኝ። ዚፑ ያለ ክርክር ተዘጋ። እኔ በሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩትን ህዋስ አንድ ቀን እንኳ ያላዩ ሰው፣ ውጤቱን በሜትራቸው ሲያነቡት ኖረዋል።

«የቀረው ሁለት ጣት ለመልሱ ይቆይ» አሉኝ፣ ቀሚሱን እያጠፉ። «ሥጋው ገና አሁን መጀመሩ ነው።»

እንደ ሳይንስ ሰው ለአፍታ በጥንቃቄ አሰብኩበት።

«አሁኑኑ ይፍቱት» አልኳቸው።